ማዳበሪያው አለ፤ ማዳበሪያው የት ገባ?

ቃላትም እንደ ሰው ሙያ ይለውጣሉ። «ማዳበሪያ» ከእነዚህ አንዱ ነው። «ዳበረ» ከሚለው ግሥ የተወለደ፣ መሬት የሚያደልብ ነገር ማለት የነበረ ቃል፣ ዛሬ ከሰል ተራ ሄደን «አንዱ ማዳበሪያ ስንት ነው?» ስንል ጆንያ ሆኗል። ጤፉ የሚጫነው በማዳበሪያ ነው፤ ድንቹም በማዳበሪያ ነው፤ ቤት የሚቀይር ሰው ድስቱንና መጽሐፉን አንድ ላይ የሚያጭቀውም በማዳበሪያ ነው። ነገሩ ወዲህ ነው። ገበሬው ዩሪያና ዳፕ ሲገዛ ነጩ ፍሬ መሬት ላይ ተበትኖ በሁለት ዝናብ ከዓይን ይጠፋል። ከረጢቱ ግን ዓመት ከዓመት ቤቱን ያገለግላል። ስለዚህ ስሙን የወረሰው የቀረው ዕቃ ሆነ። ቋንቋ መዝገብ ነው ይባላል፤ እዚህ ላይ የመዘገበው የቀረውን ብቻ ነው።

የጠፋውስ? ሃምሳው ኪሎ የት ገባ? «ሰብሉ በላው» ይባል ይሆናል። ከፊሉን እውነት ነው፣ በልቶታል። የቀረው ግን ከፊሉ ወደ ሰማይ ተነነ፣ ከፊሉ በጎርፍ ሄደ፣ ከፊሉ ደግሞ ማንም ሳያየው ወደ ታች ወረደ። ለዛሬ ታሪኩን ልናነሣ የፈለግነው ይህ ወደ ታች የወረደው ነው። የሰው ልጅ ከእግሩ ሥር የሚሆነውን ለማየት ከመቶ ሰባ ዓመት በላይ ደክሟል። የድካሙ ፍሬ ዛሬ በአንድ የፍራፍሬ እርሻ መካከል እንደ ቧንቧ ቁራጭ ተተክሎ የሚታይ ተራ መሣሪያ ነው። ከመሣሪያው ጀርባ ግን የሕፃናት ሕይወትና የድሆች ውሃ አለ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ጥያቄውን ቀድመው ካነሡት አንዱ ገበሬ ነው። በ1840ዎቹ አጋማሽ በእንግሊዝ አገር በዮርክሻየር ሃሪ ስቲቨን ቶምሰን የሚባል ባለርስት ነበር። የፍግ ኃይል በዝናብ ታጥቦ ይሄዳል ወይስ አፈሩ ይይዘዋል? ቶምሰን ጆሴፍ ስፔንስ ከተባለ የዮርክ ከተማ መድኃኒት ቀማሚ ጋር ሆኖ በአፈር በተሞላ ዕቃ አናት ላይ አሞኒየም ሰልፌት የተበጠበጠበት ውሃ አፈሰሰ። ከታች የወጣው ሲመረመር ሌላ ነገር ሆኖ ተገኘ። አሞኒያው አፈሩ ውስጥ ቀርቷል፤ በምትኩ አፈሩ የራሱን ካልሲየም ለቆ ከታች ጂፕሰም ወጥቷል። አፈር እንደ ወንፊት ዝም ብሎ የሚያሳልፍ ሳይሆን እንደ ነጋዴ የሚለዋወጥ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው።

ከእርሱ ቀጥሎ የእንግሊዝ የንጉሣዊው ግብርና ማኅበር ኬሚስት ቶማስ ዌይ ነገሩን ከ1850 ጀምሮ አስፋፍቶ መረመረው። አፈር አሞኒያንና ፖታሽን አጥብቆ እንደሚይዝ፣ ናይትሬትን ግን እንደሚለቅ አሳየ። የዛሬው ትምህርት ምክንያቱን በቀላሉ ያስረዳናል። የሸክላ አፈር ቅንጣት አሉታዊ የኤሌክትሪክ ሙል አላት። አሞኒየም አዎንታዊ ስለሆነ ትስበዋለች። ናይትሬት እንደ እርሷ አሉታዊ ስለሆነ ትገፋዋለች። የተገፋ ደግሞ ውሃ በሄደበት ይሄዳል።

«እንግዲያው አሞኒየም የሆነውን ብንጨምር ተገላገልን» የሚል ይኖራል። እዚህ ላይ ነው አፈር ተንኮሉን የሚያወጣው። በ1877 ሽሎዚንግና ሙንትዝ የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን የቆሻሻ ውሃ በአሸዋ ውስጥ ቀስ እያለ እንዲያልፍ አድርገው ሲጠብቁ፣ አሞኒያው ከሳምንታት በኋላ ወደ ናይትሬት ተለውጦ አገኙት። ክሎሮፎርም ሲጨምሩበት ለውጡ ቆመ። የሚለውጠው ሕይወት ያለው ነገር ነው ማለት ነው። ስለዚህ ገበሬው ዩሪያ ይበትን፣ ፍግ ይጨምር፣ አፈር ውስጥ ያሉት ረቂቃን ፍጥረታት ውለው አድረው አብዛኛውን ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ሥሩ ደርሶ ከጠጣው እሰየው። ካልጠጣው ቀጣዩ ዝናብ ወይም ቀጣዩ መስኖ ይዞት ይወርዳል።

ይህን መውረድ በሜዳ ላይ የለኩት ደግሞ የሮታምስቴድ ሰዎች ናቸው። ጆን ቤኔት ሎውስ በ1842 የሱፐርፎስፌት ፈቃድ አውጥቶ የማዳበሪያ ነጋዴ የሆነ ባለርስት ነው። በ1843 ኬሚስቱን ጆሴፍ ሄንሪ ጊልበርትን ቀጥሮ ብሮድባልክ በተባለው ማሳ ላይ የስንዴ ሙከራ ጀመረ። ሙከራው እስከ ዛሬ ይካሄዳል። በ1849 ከየመደቡ ሥር የውሃ መውረጃ ቦይ ተቀበረ። በ1860ዎቹ አውጉስጦስ ፎልከር ከቦዩ የሚወጣውን ውሃ ሲመረምር ነገሩ ወለል ብሎ ታየ። ብዙ የአሞኒያ ጨው የተጨመረበት መደብ ብዙ ናይትሬት ያፈሳል። ማዳበሪያ ሻጩ ሎውስ የራሱ ሸቀጥ በቦይ ሲያመልጥ በራሱ ማሳ ላይ አስለካ ማለት ነው። ውጤቱንም ደብቆ አላስቀመጠውም። እንዲህ ያለ ነጋዴ ዛሬም ቢበዛልን ምን ነበረበት!

በ1870 ደግሞ አፈሩ ሳይታረስና ሳይነካካ ዙሪያው ተገንብቶ፣ ሃያ፣ አርባና ስድሳ ኢንች ጥልቀት ያላቸው ሦስት መለኪያዎች ተሠሩ። ሰብል አልተዘራባቸውም፤ ማዳበሪያም አልተጨመረባቸውም። እንዲያም ሆኖ ከሥራቸው ናይትሬት መፍሰሱ ለአሥርት ዓመታት ቀጠለ። ይህ ሐቅ ለሁለት ወገን መልስ ይሰጣል። ጥፋቱን ሁሉ በፋብሪካ ማዳበሪያ ለሚያላክከው፣ ባዶውን የተተወ መሬትም የራሱን ሀብት እንደሚያጣ ይነግረዋል። ዘንድሮ መጨመር ስላቆመ ነገ ውሃው እንደሚጠራ ለሚያስበው ደግሞ፣ መሬት ዕዳዋን ቀስ ብላ እንደምትከፍል ያስታውሰዋል።

እስከዚህ ድረስ ጉዳዩ የኪሳራ ጉዳይ ነበር። ገበሬው ገንዘቡን ውሃ በላው፣ አለቀ። ወደ ሕክምና ጉዳይ የተለወጠው በ1945 ነው። በአሜሪካ አይዋ ግዛት ሐንተር ኮምሊ የተባለ ሐኪም፣ ከገጠር የመጡ ጨቅላ ሕፃናት ሰውነታቸው ሰማያዊ እየሆነ ሲቸገሩ አየ። የልብም የሳንባም በሽታ አላገኘባቸውም። መጨረሻ ላይ ወተታቸው የተበጠበጠበትን የጉድጓድ ውሃ አስመረመረ፤ ናይትሬት ሞልቶታል። ናይትሬቱ በሕፃኑ ሆድ ውስጥ ወደ ናይትራይት ይለወጣል። ያም ደሙን ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርገዋል። ልጁ አየር እየሳበ ይታፈናል። ከዚያ ወዲህ ነው መንግሥታት ለመጠጥ ውሃ ወሰን ያበጁት። የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን በሊትር 50 ሚሊ ግራም ናይትሬት ነው፤ የአሜሪካ 45 ገደማ። አንድ ክፉ ነገር እንጨምር። ናይትሬት ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ ጣዕም የለውም። እናት ተጠንቅቃ ውሃውን ብታፈላው ውሃው ይተንና ናይትሬቱ ይቀራል፤ ስለዚህ ማፍላት ያባብሰዋል። ሌላውን በሽታ የሚያርቀው የእናት ጥንቃቄ እዚህ ላይ በራሷ ላይ ይዞርባታል።

ከዚያው ዘመን ጋር ሌላ ነገር ተገጣጠመ። ፍሪትዝ ሐበር በ1909 ከአየር ናይትሮጅን አሞኒያ ሠርቶ አሳይቶ፣ በ1913 ጀርመን አገር ኦፓው ላይ ፋብሪካው ሥራ ጀምሮ ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ደግሞ ፈንጂ ሲያቀርቡ ከነበሩት የናይትሮጅን ፋብሪካዎች ብዙዎቹ ማዳበሪያ ወደ መሥራት ዞሩ። ዋጋው ረከሰ። የረከሰ ነገር ደግሞ አይመጠንም።

ይህ ሁሉ ተሰብስቦ ፍሬ ያፈራው በካሊፎርኒያ ነው፤ ፍሬ ያልነው በቁሙም ነው። ሳን ዋኪን የተባለው ሸለቆ በብርቱካን፣ በኮክ፣ በወይን፣ በፒስታሺዮና በለውዝ መሰል ፍሬው በአልመንድ የተሸፈነ ነው። ዓለም ከሚበላው አልመንድ አምስት እጅ አራቱ የሚመጣው ከካሊፎርኒያ ነው። ስንዴ በዓመቱ ይታጨዳል፤ ዛፍ ግን ሃያና ሠላሳ ዓመት አንድ ቦታ ቆሞ ይቀለባል። ባለቤቱም ዛፉን የሚያየው ከላይ ነው። ቅጠሉ ከለመለመ «ጠግቧል» ይላል፤ ከገረጣ «ጨምሩለት» ይላል። የጠገበ ዛፍ ትርፉን ሲመልስ ግን አይጮኽም። ቅጠሉ እንደለመለመ ይቆያል፤ ትርፉ ከሥር ይወርዳል።

ስለዚህ ከሥር የሚያይ ዓይን አስፈለገ። መነሻው ቀደም ብሎ ነበር። በ1904 ሊማን ብሪግስና ማኮል የተባሉ አሜሪካውያን አንድ ባዶ የሸክላ ዕቃ አፈር ውስጥ ቀብረው አየሩን ሲመጥጡት፣ በአፈሩ ውስጥ ያለው ውሃ በሸክላው ቀዳዳ እየሰረገ ገባላቸው። ስሙንም «ሰው ሠራሽ ሥር» አሉት። የሥነ ጽሑፍ ሰው ቢሆኑ ከዚህ የተሻለ ስም አያገኙም ነበር። እኛ በጋን ውሃ ስናቀዘቅዝ የጋኑ ጀርባ የሚያልበው በዚያው ምክንያት ነው። እነርሱ ያን ላብ ገልብጠው ወደ ውስጥ አደረጉት። በዚህ መንገድ ሥሩ አልፎት የሄደውን ውሃ ቀድቶ በቤተ ሙከራ መመርመር ተቻለ። ቆየት ብሎ ዊላርድ ጋርድነር፣ ከእርሱም በኋላ ሎሬንዞ ሪቻርድስ ያንኑ የሸክላ ጽዋ ከውሃ ቱቦና ከግፊት መለኪያ ጋር አገናኝተው፣ ዛፉ ውሃውን ለመሳብ ምን ያህል እንደሚታገል የሚያሳየውን ቴንሲዮሜትር አበጁ። በአትክልት ማሳ ሁለት ይተከላሉ። አንዱ ሥር በሚበዛበት ላይ፣ ሁለተኛው ከሥሩ በታች። የታችኛው «ረጥቤአለሁ» ካለ ውሃው ከዛፉ አምልጧል፤ ናይትሬቱንም ይዞ ሄዷል ማለት ነው።

መሣሪያው ያሳየው ነገር ግን አስደሳች አልነበረም። ፓርከር ፕራትና ባልደረቦቹ ሪቨርሳይድ በሚገኝ የብርቱካን ማሳ ላይ በጥልቀት ቆፍረው፣ በ1972 ባወጡት ጥናት ናይትሬት ሥር ከሚደርስበት እጅግ ዝቅ ብሎ እንደሚገኝ ገለጹ። ወደ ጥልቁ ውሃ ለመድረስም አሥርት ዓመታት ሊፈጅ እንደሚችል አሰሉ። ይህ ነው የነገሩ እንብርት። አባት የበተነውን የልጅ ልጅ ይጠጣዋል። ጉድጓዱ ዛሬ ንጹሕ ነው ማለት ማሳው ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። ጉድጓዱ ተበከለ ተብሎ ማሳው ቢስተካከልም ውሃው በማግሥቱ አይጠራም። ስለዚህ ውሃን ጠብቆ መመርመር ማለት ሌባ ከሄደ በኋላ በር መዝጋት ነው። መመርመር ያለበት አፈሩ ነው፤ ገና በመንገድ ላይ ሳለ።

ካሊፎርኒያ ይህን እያወቀች አርባ ዓመት ቆየች። በ2008 በወጣ ሕግ መሠረት በዴቪስ የሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ጉዳዩን አጥንቶ በመጋቢት 2012 ሪፖርቱን አቀረበ። ጥናቱ የቱላሬ ሐይቅ አካባቢንና የሳሊናስ ሸለቆን የሚመለከት ነበር። ወደ ከርሰ ምድር ውሃ ከሚገባው ናይትሬት ውስጥ 96 ከመቶው የሚመጣው ከእርሻ መሬት ሆኖ ተገኘ። በአካባቢው ከሚኖረው 2 ሚሊዮን 600 ሺህ ሕዝብ ውስጥ 254 ሺህ ያህሉ የመጠጥ ውሃው ለአደጋ የተጋለጠ ነበር።

ማን ናቸው እነዚህ ሰዎች? በቱላሬ አውራጃ ኢስት ኦሮሲ የምትባል በብርቱካን ማሳ የተከበበች ትንሽ መንደር አለች። አብዛኞቹ ነዋሪዎች ከሜክሲኮ የመጡ፣ በዚያው ማሳ ፍሬ የሚለቅሙ ሠራተኞች ናቸው። ለብዙ ዓመታት ለማይጠጡት የቧንቧ ውሃ ሒሳብ ከፍለዋል፤ ለሚጠጡት ደግሞ በጠርሙስ የታሸገ ገዝተዋል። ብርቱካኑን ለቅመው ለዓለም የሚልኩት እነርሱ ናቸው፤ ከብርቱካኑ ሥር የወረደውን የሚጠጡትም እነርሱው። በ2012 ካሊፎርኒያ ንጹሕ ውሃ የሰው ልጅ መብት ነው ብላ በሕግ ጻፈች። ለዚህ ቋሚ ገንዘብ የመደበችው ግን በ2019 ነው። በመብቱና በገንዘቡ መካከል ሰባት ዓመት አለ።

ባለማሳዎቹን ብቻ መኮነን ግን ፍርደ ገምድልነት ነው። አባቶቻቸው «ጨምሩ» ሲሏቸው የጨመሩ ናቸው፤ ያሏቸውም ባለሙያዎች ነበሩ። ደንብ ሲመጣ መጮኻቸው ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል ቢያሰኝም፣ ቀስ በቀስ ወደ ሒሳብ ገብተዋል። በ2018 የግዛቲቱ የውሃ ቦርድ ባሳለፈው ውሳኔ የሸለቆው አምራቾች ሁለት ቁጥር እንዲያሳውቁ ተደረገ፤ ወደ ማሳ ያስገቡትን ናይትሮጅንና ከማሳ በፍሬ ያወጡትን። የዴቪሱ ተመራማሪ ፓትሪክ ብራውንና ባልደረቦቹ ለአልመንድ ያወጡት ሒሳብ ለዚህ ጠቀመ። አንድ ሺህ ኪሎ የተፈለፈለ አልመንድ ከማሳው 68 ኪሎ ገደማ ናይትሮጅን ይዞ ይወጣል። ድሮ ቅጠል ለምርመራ የሚቀጠፈው በሐምሌ ነበር፤ ያኔ ዛፉ አብዛኛውን በልቶ ጨርሷል። አሁን በሚያዝያ ተቀጥፎ የዓመቱ ቀለብ በዚያው ይታረማል። ነገሩ ሲጨመቅ ይኸው ነው፤ ለዛፉ በሚበላበት ሰዓት፣ የሚበላውን ያህል፣ ሥሩ ባለበት ቦታ መስጠት። እናት ልጇን የምታጎርሰው እንዲህ ነው፤ ሳይንስ እዚህ ለመድረስ መቶ ሰባ ዓመት ፈጀበት።

ወደ እኛ እንምጣ። ዘመናዊ ማዳበሪያ በገበሬያችን ደጃፍ የደረሰው በ1960ዎቹ መጨረሻ ነው። በ1967 በስዊድን እርዳታ በአርሲ ጭላሎ የተቋቋመው ካዱ የዚያ ዘመን ልጅ ነው። ከዚያ ወዲህ ለአርባ ዓመት ያህል ከቆላ እስከ ደጋ፣ ከቀይ አፈር እስከ ዋልካ፣ መድኃኒቱ አንድ ዓይነት ነበር፤ ዳፕና ዩሪያ። በ2012 በግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ ሥር፣ ፕሮፌሰር ተካልኝ ማሞን በመሳሰሉ የአፈር ሊቃውንት መሪነት የኢትዮጵያ የአፈር መረጃ ሥርዓት ተጀምሮ አገሪቱ አፈሯን ማስመርመር ያዘች። ድኝ፣ ቦሮንና ዚንክ የሚጎድለው፣ በየቦታውም ፖታሽ የሚጎድለው መሬት እንዳለ ታወቀ። ዳፕም ድኝ ባለበት ማዳበሪያ ተተካ። ትልቅ ሥራ ነው፤ ሊመሰገን ይገባዋል። ግን ልብ እንበል። ይህ ካርታ የሚነግረን በዋናው በላይኛው አፈር ላይ ምን እንደጎደለ ነው። ከታች ምን እንደሚያመልጥ መለካት ሌላ ሥራ ነው።

«እኛ ከመቼ ወዲህ ጠግበን ነው ትርፉ የሚያስጨንቀን?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ትክክል ነው። አብዛኛው ገበሬያችን የሚጨምረው ከካሊፎርኒያው ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ መሬቱም ከሚሰጡት ይልቅ የሚወስዱበት ይበዛል። ለእርሱ ማምለጥ ማለት በመጀመሪያ የኪስ ጉዳይ ነው። በ2022 የማዳበሪያ ዋጋ በዓለም ሲያሻቅብ ያየ ሰው፣ በብድር የተገዛ ዩሪያ በክረምቱ ልብ ውስጥ ተበትኖ በአንድ ሌሊት ዶፍ ሲሄድ ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋውም። ውሃ ሲወስድ አሳስቆ ነው።

የፍራፍሬው ማሳ ግን ሌላ ታሪክ እየጻፈ ነው። በሜጫ በቆጋ መስኖ አቮካዶ ተተክሎ ለውጭ ገበያ ቀርቧል። በሲዳማ አቮካዶ፣ በአርባ ምንጭ ሙዝ፣ በጨንቻ አፕል አለ። እዚህ ዛፉ ቋሚ ነው፤ ብዙ ቦታም መስኖ አለ፤ ገዢው ጥራት ይጠይቃል፤ ስለዚህ ባለቤቱ እጁን ይዘረጋል። ከማሳው ግርጌ ደግሞ ምንጭ አለ፣ በእጅ የተቆፈረ ጉድጓድ አለ፣ እንስራ ይዛ የምትወርድ ልጅ አለች። ከርሰ ምድር ውሃ የማይታይ ነገር ተሸክሞ እንደሚመጣ ከስምጥ ሸለቆ ሰው በላይ የሚያውቅ የለም፤ ፍሎራይድ ጥርሱን አጥቁሮ አስተምሮታል። ያ ግን የተፈጥሮ ነው፤ ዓለቱ ነው ያመጣው። ይህኛው ቢመጣ ያመጣነው እኛ ነን።

ካሊፎርኒያ የዘገየችው መሣሪያ አጥታ አልነበረም። ሸክላ ጽዋው ከ1904 ጀምሮ ነበረ፤ የፕራት ጥናት ከ1972 ጀምሮ ተጽፎ ነበር። የጎደለው የሚያነበውና ባነበበው የሚሠራበት ሰው ነው። እኛ ዘንድ አቮካዶው ገና ወጣት ነው፤ ሥሩ ጥልቁን አልለመደም፤ የሚወርደውም ቢኖር ገና መንገድ ላይ ነው። አንድ የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት በየማሳው ሁለት የሸክላ ጽዋ፣ በየጉድጓዱም በዓመት ሁለት ጊዜ አንድ ጠርሙስ የውሃ ናሙና ቢያኖር የሚያወጣው ከአንድ የስብሰባ አበል አይበልጥ ይሆናል። ችግኙን ሲያድል ምን ያህል እንደሰጠ በቁጥር ጽፎ ሪፖርት ያደርጋል። ከችግኙ በታች ያለውን ውሃ ማን እንደሚጽፈው ከአሁኑ ቢነገረን መልካም ነው።